ከልብስ ማጠቢያው በላይ ያለው ቤት

የዚያን ዕለት ጠዋት የፊት ለፊቱ በር ቁልፍ እንቢ ባይላቸው ኖሮ ጋሽ ካውያ በጓሮ በኩል አይዞሩም ነበር። በጓሮ ባይዞሩ ደግሞ የእህታቸውን ልጅ በዚያ ሁኔታ አያገኟትም ነበር፤ እኛም ዛሬ የምንጨዋወተው ሌላ ወሬ ይሆን ነበር።

ጋሽ ካውያ የሚለው ስም እናትና አባት ያወጡላቸው አይደለም። ሰውየው ዕድሜያቸውን የጨረሱት በልብስ ማጠብና በመተኮስ ሙያ ነው። የተጨማደደ ነገር ሲያዩ፣ ልብስ ይሁን ሰው፣ ሳያቃኑ ማለፍ አይሆንላቸውም። ያረፈደ ሠራተኛ፣ የተንጋደደ ኮሌታ፣ መንገድ ላይ የሚጮህ ጎረምሳ፣ ሁሉም የእሳቸውን ምክር ሳይቀምስ አያልፍም። ስለዚህ ሰፈሩ ካውያ አላቸው። እሳቸውም መጀመሪያ ተቆጡ፣ ቀጥሎ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ፣ በመጨረሻ ስሙን ወደዱት።

ከልብስ ማጠቢያ ቤታቸው ጀርባ አንዲት ጠባብ መተላለፊያ አለች። ውሃ የሚያፈላው ትልቁ ቦይለር ከግድግዳው ወዲህ ስለተተከለ ግድግዳው ብርድ የሚባል ነገር አያውቅም። አንድ ሽማግሌና አንዲት አሮጊት ያንን ሙቀት ተጠግተው እዚያ ማደር ከጀመሩ ሰንብተዋል። ሽማግሌው ድሮ ግንበኛ ስለነበሩ ሰው ግንበኛው ይላቸዋል። ሚስታቸው ሦስት ሹራብ ደራርበው ስለሚለብሱ ባለሹራቧ ይባላሉ።

ጋሽ ካውያ ያዩት ሁለቱን ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደ ወትሮው ጉሮሯቸውን ጠርገው ያልፉ ነበር። ያን ጠዋት ግን አንዲት ወጣት ካርቶን ላይ ተንበርክካ፣ የግንበኛውን ባዶ እግር ጭኗ ላይ አሳርፋ፣ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ እየከፈተች ቁስል ትፈልጋለች። ከጀርባዋ አወቋት።

«አንቺ!» አሉ።

ልጅቱ ዞር አለች። ሟች እህታቸው ጥላላቸው የሄደችው፣ እሳቸው አስተምረው ለነርስነት ያበቋት ልጅ ናት።

«ጋሼ! እንደምን አደሩ?»

«እኔስ ደህና አድሬያለሁ። አንቺ በዚህ ሰዓት እዚህ ምን ታደርጊያለሽ? ሆስፒታሉ ተቃጠለ እንዴ?»

«ሆስፒታሉ ደህና ነው፤ እኔ ነኝ የወጣሁት።»

«ተባረሽ?»

«ኧረ በፈቃዴ ነው ጋሼ! አሁን የምሠራው መንገድ ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ካሉበት ድረስ ሄዶ ከሚያክም ቡድን ጋር ነው። እሑድ ቤት መጥቼ አረጋግቼ ልነግርዎት ነበር፤ ቀደሙኝ።»

ጋሽ ካውያ ነጩን ጋውን አሰቡ። ያን ጋውን በገዛ እጃቸው ቀጥ ብሎ እንዲቆም ስታርች አድርገው የተኮሱበትን፣ ለደንበኛው ሁሉ «የእህቴ ልጅ ጋውን ነው» እያሉ ያሳዩበትን ቀን አሰቡ። አሁን ልጅቱ የለበሰችው የአቧራ ቀለም ያለው ጃኬት ነው፤ ሱሪዋም ጉልበቱ ላይ ቆሽሿል።

«ጨርሰሽ ግቢ» አሉና የጓሮውን በር ከፍተው ገቡ።

ገብታ እጇን ታጠበች። በሁለት ረድፍ በተሰቀሉ ኮቶች መሃል ቆመው ክርክሩን ጀመሩት። ሠራተኞቹ ገና አልገቡም ነበርና ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉበት ምክንያት አልነበረም።

«ልጄ፣ ቅር እንዳይልሽ» አሉ ጋሽ ካውያ፣ «ለተቸገረ ማዘን ጥሩ ነው። እኔም አዝናለሁ። ባለቤቱ የረሳውን ካፖርት ለዚያ ሰውዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሾርባም ልኬያለሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ግድግዳዬን ሰጥቻቸዋለሁ! ግን ለሁሉም ልክ አለው። ደንበኞቼ አጉረመረሙ። ቅዳሜ በያጅ ይመጣል፤ መተላለፊያዋን በብረት በር አዘጋታለሁ።»

«ወዴት ይሂዱ?»

«መጠለያ አለ አይደል እንዴ?»

«አለ። ወንዱ ለብቻ፣ ሴቷ ለብቻ ነው የሚያድሩት። ጠዋት ደግሞ ይዘጋል። እነዚህ ሰዎች ከጉብዝናቸው ጀምሮ ተለያይተው አድረው አያውቁም። እርስዎ እትዬ በሕይወት ሳሉ ‹ሌሊት ሌሊት ሌላ ቦታ ያድራሉ› ቢባሉ እሺ ይሉ ነበር?»

ጋሽ ካውያ አጠገባቸው የተሰቀለውን ኮት ኮሌታ ያቃኑ ጀመር። ሟች ሚስታቸውን ሲያነሱባቸው እንዲህ ነው የሚያደርጉት።

እዚህ ላይ ስለ ጋሽ ካውያ እውነቱን መናገር ይገባል። ክፉ ሰው አልነበሩም። እጃቸው ለመስጠት ቅርብ ነው። የሚያምኑት ግን አንድ ነገር ነበር፤ ቤት የሚገባው ራሱን ላስተካከለ ሰው ነው፣ መጀመሪያ ሰውየው ይስተካከል፣ ቤቱ ይከተላል ብለው ያምናሉ። ይህን የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም ደግ ሰዎች ናቸው።

«ሰውየው ታሟል ካልሽ ሆስፒታል ይግባ» ብለው ቀጠሉ። «ቤት የለውም ካልሽ የቤት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ይሂድ። ብርድ ልብስም የሚያድሉ በጎ አድራጊዎች አሉ። ሁሉ ነገር አለ እኮ! ታዲያ ምን ጎደለ?»

«ሁሉም መኖሩ ልክ ነው ጋሼ። የጎደለው መነጋገር ነው። ባለፈው ክረምት ግንበኛው ስኳራቸው ወጥቶ ሆስፒታል ገቡ። እዚያ ተኝተው ሳለ የቤት ተራቸው ደረሰ፤ ሲጠሩ የሉም። ‹አልቀረበም› ተብለው ተራው ለሌላ ተሰጠ። ሆስፒታሉ የቤቱን አያውቅ፣ የቤት ሰዎቹ የሆስፒታሉን አያውቁ። ሲሻላቸው ኢንሱሊን ተሰጥቷቸው፣ ‹ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡት› ተባሉና ወጡ። እስቲ የት እንዳስቀመጡት ይገምቱ?»

«የት አስቀመጠው?»

«ይምጡ ላሳይዎት።»

ይዛቸው ወጣች። ባለሹራቧ ከጭንቅላታቸው ስር ያለችውን ትንሽ ከረጢት አውጥተው አሳዩ። መድኃኒቱ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከሌባ እንዲጠበቅ ተብሎ፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ነበር። ነርሷ የጋሽ ካውያን እጅ ይዛ ግድግዳው ላይ አሳረፈችው። ግድግዳው ያቃጥል ነበር።

«ይህ መድኃኒት ሙቀት አይወድም» አለች ቀስ ብላ። «ይበላሻል። ግንበኛው በየቀኑ ሳያሰልሱ ይወጉታል፤ ግን የሚወጉት መድኃኒት ሳይሆን ውሃ ይበሉት። ሲወድቁ አምቡላንስ ይጠራል፣ ይተኛሉ፣ ይሻላቸዋል፣ ተመልሰው እዚሁ። አሁን አዲስ አምጥቼላቸዋለሁ፤ እሱንስ የት ያኖሩታል?»

ጋሽ ካውያ እጃቸውን ከግድግዳው አነሱ። ሰጠሁ ብለው የሚኮሩበት ነገር ሰውየውን ሲጎዳው መክረሙ ደስ አላላቸውም። ደስ ያላለው ሰው የሚያደርገውን አደረጉ፤ ተቆጡ።

«እኔ ቦይለር ነው የተከልኩት እንጂ መርዝ አልተከልኩም! ደግሞስ መድኃኒቱን የእኔ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጪው፤ አለቀ!»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ፤ እሺ። እስከ ቅዳሜ ድረስ ማለት ነው?»

ጋሽ ካውያ ካውያቸውን ለማሞቅ ገቡ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የጓሮው በር ተደበደበ። ባለሹራቧ ነበሩ። ግንበኛው ሌሊቱን ውሃ ሲጠጡ፣ ሲያስመልሳቸው አድረው አሁን ሲጠሯቸው አይመልሱም። የአዲሱ መድኃኒት አንድ ቀን የብዙ ሳምንቱን ጉዳት ሊያክም አልቻለም። ጋሽ ካውያ የያዙትን ሱሪ ጥለው ወጡ። ሰውየውን አቅፈው ወደ ውስጥ አስገቡና በታጠቡ አንሶላዎች ክምር ላይ አስተኟቸው። የማን አንሶላ እንደሆነ አልጠየቁም። ነርሷ ተደውሎላት መጣች፤ አምቡላንሱም መጥቶ ግንበኛውን ከነአንሶላው አነሳቸው። ባለሹራቧ ብቻቸውን መሄድ ስለፈሩ ጋሽ ካውያ ባርኔጣቸውን አድርገው አብረው ተሳፈሩ።

ሦስት ቀን ተመላለሱ። ለምን እንደሚመላለሱ የጠየቃቸው ሁሉ «አንሶላዬን ፍለጋ» ይሉት ነበር። ግንበኛው ነቅተው ሾርባ መጠጣት ሲጀምሩ፣ በሕሙማን መኝታው ጫፍ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። ሐኪሟ፣ ነርሷ፣ ባለሹራቧና ከቤት ጉዳይ መሥሪያ ቤት የመጣ አንድ ቁመተ ረጅም ወጣት በአንዲት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ጋሽ ካውያ ባለሹራቧን ለማድረስ ብለው ገብተው እዚያው ቀሩ።

«ዱሮ ቢሆን ዛሬ አስወጣቸው ነበር» አለች ሐኪሟ። «እኔ የእኔን ጨርሻለሁ። አሁን ግን ማደሪያቸውን ሳላውቅ አላስወጣም ብያለሁ። የሚያድሩበት ቦታ የሕክምናው አካል ነው።»

ረጅሙ ወጣት ራሱን አከከ። «ኪራዩን የሚሸፍን በጀት አለን፤ እሳቸውም ከጡረታቸው ትንሽ ይጨምራሉ። የጠፋው አከራይ ነው። ‹ከመንገድ የሚመጡ› ስል ስልኩ ይዘጋል። ለባልና ሚስት የሚሆን፣ ከሆስፒታሉ የማይርቅ ቤት እስካሁን አላገኘሁም።»

ነርሷ ጣሪያውን ማጥናት ጀመረች።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አሉ ጋሽ ካውያ፣ ማንም ሳያያቸው።

«ማን አየዎት ጋሼ?» አለች ነርሷ።

«ከልብስ ቤቱ በላይ ያለው ፎቅ ዕቃ ማስቀመጫ ነው! ባዶ አይደለም።»

«ባለፈው ወር ‹አይጥ ብቻ ቀረበት› ብለውኝ ነበር።»

ሐኪሟ ሳቋን በእጇ ሸፈነች። ጋሽ ካውያ ወንበራቸውን ወደፊት ሳቡ። ክርክር ሲመጣ ወንበር መሳብ ልማዳቸው ነው።

«እሺ፣ እንነጋገር» አሉ። «እኔ የማውቀው ሥርዓት አለ። ሰውየው ይታከም፤ ጥቂት ወራት ደህና መሆኑን እንይ፤ ራሱን ይቻል፤ ከዚያ ስለ ቤት እናወራለን። ይህ ጥፋት ነው?»

«ጥፋት አይደለም» አለች ሐኪሟ በአክብሮት፤ «ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ አባባ። እነዚያን ጥቂት ወራት ደህና የሚሆኑት የት ተቀምጠው ነው?»

«እ…»

«መርፌው በሰዓቱ መወጋት አለበት፤ ምግቡም በሰዓቱ። እግራቸው በየቀኑ መታጠብና መድረቅ አለበት፤ ካልሆነ እግሩን እንቆርጠዋለን። መንገድ ላይ ያለ ሰው ሰዓቱን የሚወስንለት ዝናቡና ጥበቃው ነው። ‹መጀመሪያ ዳን፣ ከዚያ ቤት እንሰጥሃለን› ስንላቸው መዳኛውን ነጥቀን ነው ዳን የምንላቸው።»

ነርሷ ተቀበለቻት። «ጋሼ፣ በእርስዎ ሙያ ልምጣ። አጣቢው ልብሱን አጥቦ ‹የእኔ ሥራ አለቀ› ብሎ እርጥቡን ደጅ ላይ ቢጥለው ምን ይሉታል?»

«አባርረዋለሁ!»

«ተኳሹስ ‹እኔ የማውቀው መተኮስ ነው› ብሎ ከአጣቢው ጋር አልነጋገርም ቢል?»

«እሱንም።»

«እኛ ግን እስካሁን የሠራነው እንደዚያ ነበር። ሆስፒታሉ አጥቦ ደጅ ጣለ። የቤቱ ሰው ልብሱን ሳያይ መስቀያ ይዞ ጠበቀ። የብርድ ልብሱ ሰው መጥቶ በቆሸሸው ላይ ደረበበት። ማንም ሰነፍ አልነበረም ጋሼ፤ ሁሉም ደክሟል። ግን ልብሱ አልጸዳም። አሁን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበልን እንሥራ ነው የምንለው። መንገድ ላይ የማገኛቸው እኔ፣ ቤት የሚፈልገው እሱ፣ የምታክመው እሷ፣ በየሳምንቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ እንቀመጣለን። ሰው ሲጠፋብን ‹የኔ አይደለም› ማለት ቀርቷል።»

ጋሽ ካውያ ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ግን ቶሎ እሺ ማለት ለእሳቸው ውርደት ነው።

«ቧንቧ ቢሰብሩብኝስ? ከጎረቤት ቢጣሉስ? ሰውየው ቢወድቅብኝስ? እኔ ልብስ ተኳሽ ነኝ፤ አስታማሚ አይደለሁም።»

«ቧንቧ ከተሰበረ ለእኔ ይደውሉ» አለ ረጅሙ ወጣት። «ከጎረቤት ከተጣሉም ለእኔ። ሕመም ከሆነ እሷ ትመጣለች፤ ለማንኛውም በየጊዜው እየመጣች ታያቸዋለች። ቤቱን አስረክበን ዞር ብንል ግማሽ ሥራ ነው። እነሱንም ብቻቸውን አንተዋቸውም፤ እርስዎንም ብቻዎን አንተውዎትም።»

ይህን ጊዜ እስከዚያ ድረስ እጃቸውን በሹራባቸው ውስጥ ከተው ሲያዳምጡ የነበሩት ባለሹራቧ ተናገሩ።

«ወንድሜ፣ እኔም አንድ ነገር ልጠይቅ?»

«ይጠይቁ» አሉ ጋሽ ካውያ። እስከዚያ ቀን ድረስ እኚህን ሴት ‹አንቺ› ይሏቸው ነበር፤ ‹ይጠይቁ› የሚለው ከየት እንደመጣ ራሳቸውም አላወቁም።

«ቁልፉ በማን እጅ ይሆናል?»

«አንዱ በእናንተ፣ አንዱ በእኔ። መቼም ቤቱ የእኔ ነው።»

ባለሹራቧ አንገታቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው ይቅር።»

ረጅሙ ወጣት የስንት ጊዜ ልፋቱ በአንድ ቃል ሲፈርስ አይቶ ፊቱ ገረጣ።

«ይቅር?» አሉ ጋሽ ካውያ። «መንገድ ላይ ተኝተው ይቅር ይላሉ?»

«መንገድ ላይ ስለተኛሁ ነው እኮ። እዚያ ያሻው ሁሉ ብርድ ልብሳችንን ይገልጠዋል። ጥበቃውም ይገልጠዋል፣ ሰካራሙም ይገልጠዋል። ይቺ ልጅ ትባረክና ልትረዳን የመጣችውም ትገልጠዋለች። የሰለቸኝ ብርዱ አይደለም፤ መገለጡ ነው። እርስዎ ደግ ሰው ነዎት፤ ባሌን ተሸክመውታል፤ ውለታዎን አልረሳም። ግን እኔ የምገባው አንኳኩተው የሚመጡ ከሆነ ነው።»

ጋሽ ካውያ ለሁሉም ሰው ምክር ነበራቸው። ለእኚህ ሴት ግን ፈልገው ፈልገው አጡ። እሳቸው ደጃቸውን ለሰው ሲሰጡ፣ ሾርባ ሲልኩ፣ ካፖርት ሲያቀብሉ፣ አንድም ቀን አንኳኩተው አያውቁም። የሚንኳኳ ነገርም አልነበረም።

«አንኳኩቼ እመጣለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ሁለቱም ቁልፍ የእናንተ።» ከዚያ ወደ እህታቸው ልጅ ዞረው «አንቺ ደግሞ መሳቅሽን ተዪ» አሏት።

ልጅቱ ግን እየሳቀች አልነበረም፤ ዓይኗን እየጠረገች ነበር።

ቅዳሜ በያጁ ዕቃውን ተሸክሞ መጣ።

«ጋሼ፣ በሩ የት ይተከል?»

«የምን በር? ደረጃው ላይ መደገፊያ ብረት ሥራልኝ፤ ከታች እስከ ላይ። ተከራዬ እግሩን ያመዋል።»

«ተከራይ አገኙ እንዴ?»

«አገኘሁ። ሚስቱ ብርቱ ተደራዳሪ ናት፤ ሁለቱንም ቁልፍ ወሰደችብኝ» አሉ፤ አነጋገራቸው ቅሬታ የሚመስል ኩራት ነበረበት።

ሰኞ ዕለት ባልና ሚስቱ ገቡ። ክፍሉ ሁለት መስኮት አለው፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ምድጃና ነጭ ማቀዝቀዣ ገብቶለታል። ነርሷ መድኃኒቱን በማቀዝቀዣው በር ላይ እንደ እንቁላል ደርድራ አስቀመጠች። ባለሹራቧ ማቀዝቀዣውን ከፍተው መብራቱን አዩ፣ ዘጉት፣ እንደገና ከፈቱት። ግንበኛው ግን ማቀዝቀዣውንም አልጋውንም አላዩም። ወደ ግድግዳው ሄደው በጣታቸው አንጓ አንኳኩ፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ከጫፍ እስከ ጫፍ ቃኙት።

«ይህን ግድግዳ ማን ነው የገነባው?»

«ምነው?» አሉ ጋሽ ካውያ።

«ጠማማ ነው።»

ነርሷ ሳቋ አመለጣት። ዓለሙን ሁሉ ሲያቃኑ የኖሩ ሰው ዕድሜ ልካቸውን በጠማማ ግድግዳ ሥር ሲተኩሱ ኖረዋል! ጋሽ ካውያ መጀመሪያ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፣ ከዚያ እሳቸውም ሳቁ፤ ግንበኛውም ሳቁ። ሦስቱ ሲስቁ ባለሹራቧ የላይኛውን ሹራብ አውልቀው ወንበር ላይ ሰቀሉት።

ነገሩ ሁሉ ከዚያ በኋላ እንደ ቅቤ ለሰለሰ ብንል ውሸት ይሆናል። በመጀመሪያው ሳምንት ባልና ሚስቱ አልጋውን ትተው ከነጫማቸው በሩ ሥር ወለል ላይ ተኙ። ግንበኛው ሲመሽ እየወረዱ ከሞቃቱ ግድግዳ ሥር ይቀመጡ ነበር። ጋሽ ካውያ ይህን ሲያዩ ለነርሷ ደወሉላት።

«አላልኩሽም? ቤት ሰጠነው፤ ተመልሶ መንገድ ላይ ተቀመጠ። የለመደበት ነው!»

«ጋሼ፣ እግሩ ተሰብሮ የተጠገነ ሰው ጄሶው በተፈታ ዕለት ይሮጣል እንዴ? ይቆዩን፤ እንመጣለን።»

መጡ። ረጅሙ ወጣት ከግንበኛው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ ስለ ድንጋይና ስለ ስሚንቶ ብዙ አወራ፤ ቀስ ብሎም ለምን እንደሚወርዱ ጠየቃቸው። ነገሩ ቀላል ሆኖ ተገኘ። ግንበኛው መንገድ ላይ ሲኖሩ ሚስታቸውን ለመጠበቅ በአንድ ዓይናቸው ነበር የሚተኙት። አልጋው የተዘረጋው ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ስለሆነ የሚመጣውን ሰው ማየት አይችሉም፤ ስለዚህ እንቅልፍ እንቢ አላቸው። አልጋውን አዞሩት። ጋሽ ካውያም ራሳቸው በአንደኛው ጫፍ ይዘው ረዱ። ከዚያ ወዲያ ግንበኛው በሁለት ዓይናቸው ተኙ፤ እንዲያውም ማንኮራፋታቸው እስከ ታች ይሰማ ጀመር።

ወራት አለፉ። ነርሷ እየመጣች እግራቸውን ታያለች፤ ስኳሩ ልኩን ያዘ፤ አምቡላንስ ወደዚያ መንገድ መምጣት ተወ። ባለሹራቧ ሁለተኛውንም ሹራብ አወለቁ፤ ስማቸው ግን አልወለቀም። ከሰዓት በኋላ ደስ ሲላቸው ወርደው ቁልፉ ለተነቀለበት ሸሚዝ ሁሉ አዲስ ቁልፍ ይተክላሉ፤ ጋሽ ካውያም ለዚሁ ሥራ ይከፍሏቸዋል። እየተከሉ ከሠራተኞቹ ጋር ይቀልዳሉ። ሠራተኞቹ ምክር ሲጠይቋቸው ጋሽ ካውያ ወደ ባለሹራቧ እያመለከቱ «እሳቸውን ጠይቋቸው» ማለት ለምደዋል። የእህታቸው ልጅ ይህን ሰምታ ፈገግ ብላ አለፈች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በመንገዱ ማዶ ያለው ጫማ መደብር ባለቤት ኮቱን ይዞ መጣ፤ ኮቱ ግን ምክንያት ነበር።

«ጋሽ ካውያ፣ በክፉ አይውሰዱብኝ» አለ። «የቤት ጉዳይ ሰዎች እኔም ዘንድ መጥተው ከመደብሬ በላይ ያሉትን ክፍሎች ጠየቁኝ። እርስዎ ነዎት የላኳቸው አሉ። ሰፈሩን መጠለያ ልናደርገው ነው እንዴ? ሰው መጀመሪያ ራሱን ያስተካክል እንጂ!»

ነርሷ ለጉብኝት መጥታ እዚያው ቆማ ነበር። ልትመልስ ስትል ጋሽ ካውያ ወንበራቸውን ሳቡ።

«ተቀመጥ» አሉት። «እኔም እንዳንተ እል ነበር። እስቲ በነጋዴ ዓይን እንየው። ዱሮ እዚህ ጓሮ ውስጥ የታመመ ሰው ነበር፤ ዛሬ የለም። አልተባረረም፤ ዳነ እንጂ። ዱሮ በየወሩ አምቡላንስ ይጮህብን ነበር፤ ደንበኛህ ይደነግጥ ነበር፤ የሆስፒታሉ አልጋ ይያዝ ነበር። ዛሬ ያ አልጋ ለሌላ በሽተኛ ተርፏል። ሰውየው እግሩ ሊቆረጥ ነበር፤ ዛሬ በራሱ እግር ደረጃ ይወጣል። ይህ ሁሉ ወጪ ባንተና በእኔ ግብር ነበር የሚከፈለው፤ ተከፍሎም ሰው አያድንም ነበር። አሁን ሰው ዳነበት።»

«እሺ፣ ችግር ቢያመጡብኝስ?»

«ያመጣሉ! አንተስ ከተከራዮችህ ስንቱን ችግር አየህ? ልዩነቱ ይኼ ነው፤ ለእነዚህ ስትደውል የሚመጣልህ ሰው አለ። ነርስ አለች፣ የቤቱ ልጅ አለ፣ ሐኪም አለች፤ ሦስቱም ይነጋገራሉ። እኔ ለቧንቧ ደውዬ ከሰዓት በፊት ተጠግኖልኛል። የራሴ ቧንቧ ግን እስካሁን ያንጠባጥባል።»

የጫማው ነጋዴ ሳይወድ ሳቀ። «ግን ጋሼ፣ ቤት እኮ የሚለፋበት ነገር ነው።»

«አዎ። የሚለፋው ግን አልጋ ላይ ያደረ ሰው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሚስቱን ሲጠብቅ ያደረ ሰው ጠዋት ምን ይለፋ? እኔ ቤትን መጨረሻ ላይ የሚሰጥ ሽልማት አድርጌ ነበር የማየው። ተሳስቼ ነበር። ሰው መድኃኒቱን የሚያስቀምጥበት፣ እግሩን የሚያደርቅበት፣ ፊቱን አዙሮ የሚተኛበት ቦታ ካላገኘ ሌላው ሁሉ አይያዝለትም። መጀመሪያ እሱ ነው። ሌላው ከዚያ ይቀጥላል።»

የጫማው ነጋዴ ኮቱን እያሻሸ አሰበ። ነርሷ አጎቷን እያየች ነበር፤ ስለ ነጩ ጋውን አንድም ቃል ሳያነሱ ወራት አልፈዋል። ባለፈው ሳምንት የአቧራ ቀለም ያለውን ጃኬቷን ነጥቀው ወስደው፣ አጥበው፣ እጅጌው እንደ ምላጭ እስኪቆም ተኩሰው፣ ለደንበኞች በሚታይበት መስቀያ ላይ ከፊት ሰቅለውት ነበር።

«ክፍሎቹን ቢያዩዋቸው ምንም አይደለም» አለ ነጋዴው በመጨረሻ። «አንደኛው እንኳ መስኮቱ ጠባብ ነው።»

«መስኮቱን ከቤት ጉዳዩ ልጅ ጋር አያለሁ፤ ነገ ይዤው እመጣለሁ» አለች ነርሷ ሳታስጨርሰው።

ይህን እያሉ ሳለ ከላይ ኃይለኛ ድምፅ ተሰማ። ሁሉም ቀና አሉ።

«አረንጓዴ አልኩህ!» ይላሉ ባለሹራቧ።

«አረንጓዴ ክፍሉን ያጨልመዋል!» ይላሉ ግንበኛው።

«አንተ ስለ መጋረጃ ምን ታውቃለህ? ድንጋይ ስትቆልል የኖርክ!»

«ቤት የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ብርሃን ከየት እንደሚገባ አውቃለሁ! ቢጫ!»

«አረንጓዴ!»

የጫማው ነጋዴ ደንግጦ ተነሳ። «አዩ! አላልኩም? ይኸው ጠብ! ወጥተን እንገላግላቸው?»

ጋሽ ካውያ እጁን ይዘው አስቀመጡት። ፊታቸው በርቷል።

«ተዋቸው» አሉ። «እነዚያ ሁለት ሰዎች ከግድግዳዬ ሥር በኖሩበት ጊዜ ሁሉ ድምፃቸውን ሰምቼው አላውቅም። ሹክ ሲባባሉ ነበር የሚኖሩት፤ ሰው ሰምቶ እንዳያስነሳቸው። ስማ እንጂ እንዴት እንደሚጮሁ!»

ሦስቱም አንገታቸውን አቅንተው አዳመጡ። ከላይ ቢጫና አረንጓዴ ይከራከራሉ፤ አንድ ወንበር ተጎተተ፤ ከዚያ የግንበኛው ሳቅ፣ ተከትሎም የባለሹራቧ ሳቅ ደረጃውን ሞልቶ ወረደ።